ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ

ዳኛው ጡረታ ከወጣም በኋላ የችሎት አመሉን አልተወም። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲዋሽ ሲያዳምጥ የኖረ ነው፤ ሌባውም፣ ምስክሩም፣ ጠበቃውም እየተፈራረቁ ዋሽተውታል። ከዚያ ሁሉ ውሸት ያተረፈው አንድ እምነት ብቻ ነበር፤ እውነት የሚናገር ሰው ዓይን ለዓይን ያያል፣ የሚዋሽ ሰው ዓይኑን ያሸሻል። «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» ሳይል የፈረደው ፍርድ የለም ይባላል። ጠበቆቹማ ከጀርባው ስም አውጥተውለት ነበር። «ዛሬ የሚያስችለው ማን ነው?» ይላል አንዱ ኮሪደር ላይ። «ዓይኔን እያየህ» ይለዋል ሌላው፣ «አለቀልህ!»

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የስንቱን ሙሽራ ቬሎ የሰፋች ሴት ናት። እሷ ራሷ አላገባችም። ለምን ሲሏት «የሰው ስለካ ስለካ የራሴን ልክ ሳልወስድ መሸብኝ» ብላ ትስቃለች። ሁለቱም ሰባን ተሻግረዋል፤ አንቱ እያልኩ ብጽፍ ወግ ነበር። ግን ፍቅር የያዘውን ሰው አንቱ ለማለት ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ዳኛው ወደዚያች ሱቅ መጀመሪያ የገባው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው፤ የላላች የካፖርት ቁልፍ የሚያጠብቅለት ቢያጣ። ቁልፏ ጠበቀች፤ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። አንድ ቀን ገበሩ ተተረተረ ይላል፣ ሌላ ቀን ኪሱ ተቀደደ ይላል። «እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ ልብሳቸውን ራሳቸው ይተረትሩታል እንዴ?» ትላለች የእህቷ ልጅ፣ አብራት የምትሰፋው ወጣት። አክስቷ «ዝም በይና ስፊ» ትላታለች። ትበላት እንጂ፣ እሱ በሚመጣበት ሰዓት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አውልቃ ሻሿን እንደምታስተካክል ልጅቷ መቼ አጣችው።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው እሁድ ነው። መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ መልሶ አደረገው፤ እንደገና አወለቀው። ስንቱን ከባድ ፍርድ ሲያነብ ያልተንቀጠቀጠ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ከእንግዲህ የቀረችኝ ዕድሜ ትንሽ ናት» አላት። «እሷን ካንቺ ጋር ልኑራት። ትወጂኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ አዞረችና፣ ከትከሻው ማዶ ያለውን ዛፍ የምታይ መስላ፣ «እወድዎታለሁ» አለችው።

«ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

«እወድዎታለሁ አልኩ እኮ!» ዓይኗ ግን ከዛፉ አልተመለሰም።

ዳኛው ባርኔጣውን አደረገ። እስከ ሱቋ በር ድረስ ሸኛት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ ጠባይ አወራ። ልቡ ግን ዓይናቸውን ሲያሸሹ ያያቸውን ሰዎች ሁሉ እያስታወሰ «ይቺንም ጨምርባቸው» ይለው ነበር። በስተርጅናው መሳቂያ የሆነ መሰለው።

እሷስ? እሷ ፊቷን ያዞረችው ልታየው ፈልጋ ነው። ከዓይኗ መሃል ብርሃኑ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቀጥ ብላ ያየችውን ነገር ሁሉ ግራጫ ጭጋግ ይውጠዋል። የቀራት ዳር ዳሩ ብቻ ነው። የሰው ፊት ለማየት ዓይኗን ከፊቱ ላይ ማንሳት አለባት። ያን ዕለትም ዛፉን ያየችው፣ ያን ቃል ሲናገር ፊቱ ምን እንደሚመስል እንዳያመልጣት ብላ ነበር። አላመለጣትም። ተስፋው ከፊቱ ላይ ሲጠፋም አላመለጣትም።

*

ሕመሙ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የመጣባት። መጀመሪያ የተቆጣችው የእህቷን ልጅ ነበር። ልጅቷ የሰፋችው ስፌት ተጠማዝዞ ታያት። «ይሄ ምንድን ነው? ሰክረሽ ነው የሰፋሽው?» ብላ አስፈታቻት። ልጅቷ ደግማ ሰፋች፤ አሁንም ጠማማ። እንደገና አስፈታቻት። በመጨረሻ ልጅቷ እያለቀሰች የእንጨት ማስመሪያውን አመጣችና ስፌቱ ላይ አጋደመችው። ማስመሪያውም ጠማማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ማስመሪያውን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ይቅርታም ሳትጠይቅ ወደ ጓዳ ገባች።

የዓይን ሐኪሟ አልዋሸቻትም። «ዕድሜ ያመጣው ነው፣ እናቴ። መነጽር አይመልሰውም፤ የእርስዎን ዓይነት የሚያድን መድኃኒትም የለኝም። ጨርሶ ግን አይጨልምብዎትም፣ ዳር ዳሩ ይቀርልዎታል» አለቻት። ማጉያ መስታወት ሰጠቻት። ጠንከር ያለ መብራት እንድታስገጥም፣ የምድጃዋ መቆጣጠሪያ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ምልክት እንድታደርግ መከረቻት። «ከሁሉ በላይ ለሰው ይንገሩ» አለቻት። «ከዓይኑ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ደብቆ መኖሩ ነው።» ልብስ ሰፊዋ አመስግና ወጣች፤ ማጉያውንም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለሰው ብትናገር የመጀመሪያዋ የሙሽራ እናት ምን እንደምትል ታውቃለቻ! «ለማታይ ሴት ነው የልጄን ቬሎ የምሰጠው?»

እናም ደበቀች። መደበቅም እንደ ሥራ ነው፣ ያደክማል። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ ታደርጋለች፤ ትኩሱ ሲነካት ታቆማለች። መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት ልጅቷ ናት። መንገድ ላይ ሰው በድምፁ እስክትለየው ድረስ ሰላም ሳትለው ያልፋል። «ዳኛ ወዳጅ ካበጀች ወዲህ ሰው መለየት ተወች» ተባለ። ወሬው ሲደርሳት ሳቀች። ኮራች መባል ታወረች ከመባል ይሻላል ባይ ናት። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ።

ማክሰኞ ዕለት የዳኛው ደብዳቤ መጣ። ጽሕፈቱ ደቃቃ ነው፤ እንኳን ለሷ ለደህና ዓይንም ያስቸግራል። የእህቷ ልጅ የሱቁን መጋረጃ ጋርዳ ማንበብ ጀመረች።

«ውድ ወዳጄ ይላል። እሁድ ዕለት ቃልሽን ሰምቻለሁ፤ ዓይንሽ ግን ለቃልሽ አልመሰከረም...» ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን ይላል?»

«ስለ እጅሽ ነው፣ እትዬ። እኔ አላነበውም፤ ያሳፍራል።»

«አንብቢ አልኩሽ!»

«እጅሽን ልይዘው ፈልጌ እንደ ልጅ ፈራሁ፣ ይላል።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። የምትወጂኝ ከሆነ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። የማትወጂኝም ከሆነ እንደዚያው ንገሪኝ፤ በሰላም እሄዳለሁ። ጥርጣሬን ግን በዚህ ዕድሜዬ አልችለውም።»

ወረቀቱን አጠፈችው። «ንገሪያቸው እንጂ፣ እትዬ! የታመመው ዓይኔ ነው፣ ልቤ አይደለም በያቸው። አለበለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪውና ከዚህ ሱቅ ውልቅ ነው የምትይው!» ቁጣዋ ግን ብዙ አልቆየም። ደብዳቤውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዳበሰችው። «እነግረዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ሌላ ሰው ሆነች። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ብቻዋን ታወራለች፤ ልጅቷ ስትስቅባት «ንግግር እየተለማመድኩ ነው፣ ምን ያስቅሻል?» ትላለች። ማጉያዋን ከመሳቢያው አወጣቻት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ወዲህ ወዲያ እያለች፣ በዚያ ደቃቃ ጽሕፈት መካከል «እጅሽን» የምትለዋን ቃል ፊደል በፊደል ፈልጋ አገኘቻት። ስታገኛት እንደ ልጅ አጨበጨበች። ተስፋ አድርጋ ነበር፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

*

ዓርብ ዕለት የዳኛው ሴት ልጅ መጣች። ርዕሰ መምህርት ናት፤ የትም ስትቆም ተማሪ የተሰለፈላት ትመስላለች። ቀደም ብላ ጥቁር ቀሚስ አዝዛ ነበር። ቀሚስ አጥታ አይደለም፣ የአባቷን ልብ የወሰደችውን ሴት በቅርብ ልታያት ነው። «እናቴ በነበረችበት ቤት ልብስ ሰፊ ልትገባ?» ያለችውም እሷ ናት፤ የነገረኛ አፍ አመላልሶ ለልብስ ሰፊዋ አድርሶላታል።

ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ግርጌውን በስፒል ትይዛለች፤ በጣቶቿ እየለካች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ርዕሰ መምህርቷ መጀመሪያ ንቀት መሰላት። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ቀሚሱን አስተዋለችው። የደረቱ ስፌት ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ክር ነበር። ልብስ ሰፊዋ የእህቷ ልጅ ለዕቃ ግዢ በወጣችበት ሰዓት የስፌት መኪናው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ክር ከጥቁሩ ሳትለይ ሰፍታዋለች።

ርዕሰ መምህርቷ ለነገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበሩ ላይ የነበረውን የስፒል ትራስ አነሳች፤ ምንም ሳትናገር ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊት ዘረጋችላት። ልብስ ሰፊዋ አልተቀበለቻትም። ስፒል ፍለጋ ምንጣፉን መዳበሷን ቀጠለች።

«መቼ ጀመረዎት?»

የሚዳብሰው እጅ ቆመ። «ምኑ?»

«ዓይንዎ።»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ማስተባበያ ፈለገች፤ አጣች። «ቆይቷል» አለች።

«አባቴ ያውቃል?»

«ነገ ነው የምነግረው።»

ርዕሰ መምህርቷ ከነስፒሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያ የተማሪ ማስፈራሪያ ድምፅዋ የት እንደገባ እንጃ። «እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ዛሬ የመጣሁት ልጣላዎት ነበር» አለች። «እናቴ ስንት ዘመን አልጋ ላይ ነበረች። አባቴ አስታማሚ አላስገባም፣ እኛንም አላስነካም። ራሱ አገላበጣት፣ ራሱ አጠባት፣ ራሱ አጎረሳት። ወገቡ የጎበጠው ያኔ ነው። ልቡንም ያኔ ነው ያመመው፤ ሐኪሙ እስከ ዛሬ ደረጃ እንኳ እንዲወጣ አይፈቅድለትም። እናቴን የቀበርን ቀን ሁለቱንም የቀበርን መስሎኝ ነበር። ሲስቅ የሰማሁት እዚህ ሱቅ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዓይንዎ መታመሙን ካወቀ በማግሥቱ ነው የሚያገባዎት! ያንን ሸክም እንደገና ይሸከማል። ያውቁት የለም? ሁለተኛ አይተርፍልኝም።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አይንገሩት አልልም፤ እኔ ማን ነኝ? ግን አባቴ ነው።»

«እኔ አልጋ ላይ አልዋልኩም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ።»

ርዕሰ መምህርቷ ደረቷ ላይ ያለውን ስፌት በጣቷ ነካ አደረገችና እጇን ቶሎ መለሰች። ልብስ ሰፊዋ ያቺን እንቅስቃሴ በዓይኗ ዳር አየቻት።

«ክሩ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰማያዊ ነው፣ እትዬ።» እትዬ ስትላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያውልቁት፤ ፈትቼ በጥቁር እሰፋዋለሁ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን ወርውሬ ልነሳ ቃጥቶኝ ነበር። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በፍቅር፣ ሌላዋ በስስት፣ ዳኛው ላይ በሌለበት ፈረዱበት። ሌባውን እንኳ ሳይሰማ ላልፈረደ ሰው፣ የሱን ቃል የጠየቀለት አንድ ሰው ጠፋ። «ሚስቴን ባስታመምኩበት ዘመን ደክሞኛል እንጂ ከፍቶኝ አያውቅም» ይላቸው ነበር። ግን ማን ጠርቶት! ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ስትቀር «ሆድ ይፍጀው» አለች፤ ጥቁሩን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ድምፅዋን አፍና አለቀሰች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ዳኛው መጣ። ካፖርቱን አስቦርሿል፣ ጢሙን ተከርክሟል። የእህቷ ልጅ ወደ ጓዳ ገባች፤ ገባች ቢሉም ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነው የቆመችው። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣለች። ሲገባ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው አድርጋ ስለነበር ሙሉውን አየችው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ዳኛ ፊት የቆመ ተከሳሽ መስሎ። ስስት ያዛት።

«ደብዳቤዬ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል።»

«እንግዲህ መጣሁ።» ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ቆመ። «ብዙ አላስቸግርሽም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላሉ፤ እኔም ሌላ መፍረጃ አልተማርኩም። ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ትወጂኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች። ድምፁ ወደመጣበት ቀስ ብላ አመጣችው። ጢሙ ሄደ፤ ጉንጩ ሄደ፤ በመጨረሻ ዓይኖቹ የነበሩበትን ቦታ ጭጋጉ ዋጠው። እዚያ ላይ ዓይኗን ተከለችው። ስትፈራው የነበረው ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑ አስገረማት፤ ከፊቷ ማንም አልነበረም። ዓይኑን ብታይ ኖሮ አፏ አይታዘዝላትም ነበር።

«አልወድዎትም» አለችው።

«እሁድ ዕለት እወድዎታለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አዝኜልዎት ነው። ብቻዎን ነዎት፣ ሚስትዎ ሞተዋል። እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው።» ዓይኗ አልተነቃነቀም።

«መሐላ ፈጽሚልኝ» አለ ዳኛው። በትዕዛዝ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ልመና ሆኖ ወጣበት። «እንደ ምስክር መሐላ ፈጽሚልኝና እሄዳለሁ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አልወድዎትም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዳኛው ሴትየዋን ብዙ አያት። ሌባ አይቷል፣ ነፍሰ ገዳይ አይቷል፣ ስንት ሐሰተኛ ምስክር አይቷል፤ አንዳቸውም ይህን ያህል ቀጥ ብለው አላዩትም። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ የኖረውን ዓይን አገኘ፤ የሚነግረው ግን ሊሰማው የማይፈልገውን ነበር።

«ተባረኪ» አላት። «እንዳንቺ ዓይኔን አይቶ እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። እሁድ ዕለት በሆዴ አምቼሻለሁና ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ የምትለዋ ቃል ልትገድላት ነበር። እጇ ወደ ስፌት መኪናው መዘውር ሄደና አጥብቆ ያዘው። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ። የእህቷ ልጅ መጋረጃውን ገልጣ ሮጠች።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? ልጥራቸው! ገና አልራቁም፣ ልሩጥና ልጥራቸው!»

«እንዳትነቃነቂ!»

«መንገዱን ተሻገሩ...» ልጅቷ ከመስኮቱ ኋላ ቆማ ተንሰቀሰቀች። «ቆሙ። እትዬ፣ ዞረው ቆመዋል። ወደ ሱቁ ነው የሚያዩት። አንቺን ነው የሚያዩሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ትንሽ ወደ ጎን ብታደርግ ታየው ነበር፤ ለአንድ አፍታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ማዶ ላይ ባርኔጣውን ይዞ የቆመውን ሰው። ግን ዳኛው ዓይን የሚያሸሽ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ፊቷን ወደ መስኮቱ አቅንታ፣ ዓይኗን ጭጋጉ ላይ ተክላ ተቀመጠች። አሁን ምን ይመስል ይሆን? ያለቅስ ይሆን? ጭጋጉ አልነገራትም።

«አሁንም አለ?»

«አሉ።»

አንገቷ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም።

«አሁንስ?»

ልጅቷ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደ ማዶ አየች።

«ሄዱ፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ ጎን መለሰችው። መስኮቱ ታያት፣ መንገዱ ታያት፣ ማዶ ያለው ግንብና ጥላው ታያት። እሱ አልነበረም።